ስለ ሶኬት ሥርዓትና ስለ መልእክት ትዕግሥት

በሲያትል ከተማ ተቀምጦ በፒኤችፒ ቋንቋ የጻፈው ፕሮግራም አዲስ አበባ ካለው ሰርቨር ጋር ይነጋገርለት ዘንድ የሚሻ ወጣት ኢትዮጵያዊ፣ ጽሕፈቱ ምንም ያህል የጠራ ቢሆን፣ ሊሽረው የማይቻለው አንድ የተፈጥሮ ሕግ ከፊቱ ይቆማል፤ ይኸውም ርቀት ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ በቀጥታ ቢለካ 13,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ መልእክቱ ደርሶ መልሱ እስኪመለስ ቢያንስ 134 ሚሊ ሰከንድ ያልፋል፤ ገመዱ በባሕርና በየብስ እየዞረ ስለሚመጣ እውነተኛው ጊዜ ከዚህም ይበልጣል።

ሶኬት የተባለው የመገናኛ በር እ.ኤ.አ. በ1983 ከበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ በወጣው የዩኒክስ እትም የተስፋፋ ነው፤ የፒኤችፒም ሶኬት ከዚያው ምንጭ የተቀዳ ነው። በሩ ሲከፈት ማንም ሳያዝዘው የሚጠብቃቸው ልማዶች አሉት። ከእነርሱም አንዱ ጆን ኔግል የተባለው መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1984 የደነገገው ነው፤ አንዲት ፊደል 40 ባይት የአድራሻ ሸክም ተሸክማ ብቻዋን ብትጓዝ መስመሩ በከንቱ እንደሚጨናነቅ ተመልክቶ፣ ቀድሞ የተላከው መድረሱ እስኪረጋገጥ ጥቃቅኖቹ ተጠራቅመው ይቆዩ አለ። ድንጋጌው እጅግ ብልህ ነው፤ ነገር ግን የሲያትሉ ወጣት ጥያቄውን ለሁለት ከፍሎ ቢጽፍ፣ ሁለተኛዋ ክፋይ የፊተኛዪቱ ብሥራት ከአዲስ አበባ እስኪመለስ ድረስ ታግታ ትቀራለች። ሶኬት ሴት ኦፕሽን በተባለው ትእዛዝ ቲሲፒ ኖዲሌይ የተባለውን አማራጭ 1 ማድረግ እገታውን ያነሣል፤ እኔ ግን አስቀድሞ መልእክቱን አጠቃሎ በአንድ ጊዜ መጻፍ የተሻለ ነው እላለሁ።

ከሁሉ የሚከፋው የዝምታ ነገር ነው። በወዲያኛው ወገን መብራት በድንገት ቢጠፋ ሰርቨሩ ሳይሰናበት ስለሚለይ፣ የንባብ ጊዜ ገደብ ያልተወሰነለት ሶኬት የማይመጣውን መልስ ሲጠብቅ ይኖራል። የወዲያኛውን ወገን በሕይወት መኖር የሚያጣራው ኪፕአላይቭ የተባለው ጠያቂ እንኳ ካልታዘዘ አይነሣም፤ ቢታዘዝም በሊኑክስ ልማድ የመጀመሪያ ጥያቄውን የሚልከው ከ7,200 ሰከንድ ዝምታ በኋላ ነው። ስለዚህ ኤስኦ አርሲቪታይሚኦ የተባለውን አማራጭ፣ ሰከንዱንና ማይክሮ ሰከንዱን ለየብቻ አስፍሮ፣ መወሰን ግድ ይሆናል፤ ገደቡ ሲያጥር በሕይወት ያለ ግንኙነት ይቆረጣል፣ ሲረዝም ተጠቃሚው ይጉላላል።

እናንተ በባዕድ አገር ሆናችሁ ለወገን የምትጽፉ ወንድሞችና እኅቶች፣ ይህን ገደብ በሲያትል ፈጣን መስመር ብቻ ሞክራችሁ አታጽድቁት፤ ከአዲስ አበባ የሚመለሰውን መልስ በቀንም በሌሊትም ለክታችሁ ወስኑ።