የእግርን ደም ሥር ስለሚያጠቡ ምክንያቶች

ደም ከልብ እየወጣ ወደ ብልቶች ሁሉ እንዲሄድ፤ ዞሮም ወደ ልብ እንዲመለስ፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሃርቬይ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1628 ባሳተመው መጽሐፍ አስረዳ። ደም ምግብንና ከሳምባ የተቀበለውን ንጹሕ አየር ለሥጋ ሁሉ ያደርሳል። ስለዚህ የሚወርድበት ሥር በስብ ደለል የጠበበ እንደ ኾነ፤ ደለል የሞላው ቦይ ለግርጌው እርሻ ውሃ እንዳያደርስ፤ ከልብ የራቀው እግር ይራባል።

የበሽታው ምልክት ይህ ነው። ሰውዬው ሲቀመጥ ደኅና ነው፤ ዳገት ሲወጣ ወይም ጥቂት መንገድ ሲሄድ ባቱን ጨምድዶ ይይዘዋል፤ ቆም ሲል በጥቂት ደቂቃ ይተወዋል፤ ሲሄድ ደግሞ ይመለስበታል። ይህን ነገር በ1831 ቡሌ የተባለ ፈረንሳዊ የከብት ሐኪም በፈረስ ላይ አየው፤ በ1858 ደግሞ ሻርኮ የተባለ የአገሩ ሐኪም በሰው ላይ መኖሩን ገለጠ። ብዙ ሽማግሌዎች ግን «እርጅና ነው» ብለው ዝም ይላሉ። ሕመሙ የጸና እንደ ኾነ እግር በሌሊት በመኝታም ያማል፤ ጣት ይጠቍራል፤ ትንሽ ቍስል አልድን ይላል፤ ፍጻሜውም እግርን እስከ መቍረጥ ይደርሳል።

ደም ሥርን የሚያጠቡት ዋና ዋና ምክንያቶች እነዚህ ናቸው።

፩ኛ፤ ትምባሆ። ከሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ ጢሱ የደም ሥሩን የውስጥ ልባስ ያቈስላልና።

፪ኛ፤ የስኳር በሽታ። ደም ሥርን ከማጥበቡም በላይ እግርን ያደነዝዛል፤ ስለዚህ በሽተኛው እሾህ ቢወጋው ወይም ፍም ቢያቃጥለው ላያውቀው ይችላል።

፫ኛ፤ የደም ግፊት ብዛት። በሐኪም ቤት ተደጋግሞ ሲለካ ከ140 በ90 የማያንስ ግፊት እንደ ብዙ ይቈጠራል።

፬ኛ፤ ኮሌስትሮል የሚባለው ስብ በደም ውስጥ መብዛቱ።

፭ኛ፤ የቈየ የኵላሊት ሕመም።

፮ኛ፤ ዕድሜና ዘር። ይልቁንም 65 ዓመት የሞላው ሰው፤ ትምባሆ የሚያጤስ ወይም ስኳር ያለበትም ከኾነ 50 ዓመት የሞላው፤ ሊጠነቀቅ ይገባዋል።

ከነዚህ ዕድሜንና ዘርን መለወጥ አይቻልም፤ የቀሩትን ግን መተው ወይም በመድኃኒት መግታት ይቻላል። ሁለትና ሦስቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ጕዳቱ እጅግ ይበረታል።

ሐኪም የክንድንና የቍርጭምጭሚትን ግፊት ለክቶ ያስተያያል፤ የቍርጭምጭሚቱ ለክንዱ ሲካፈል 0.90 ወይም ከዚያ በታች የኾነ እንደ ኾነ ደም ሥሩ መጥበቡ ይታወቃል። መርማሪው ሥጋን አይቈርጥም፤ አያሳምምምም።

እንዲህ ያለውን እግር መተኰስና መበጣት ትልቅ ጕዳት ያመጣል፤ ደም ያጣ ሥጋ ቍስሉን መሙላት አይችልምና። የደነዘዘ እግርንም በእሳት ማሞቅ አይገባም። ይልቁንስ ትምባሆን መተው፤ የታዘዘውን መድኃኒት አለማቋረጥ፤ ጫማ ማድረግ፤ እግርንም በየቀኑ አጥቦ መመልከት ይገባል። ቍስል የሌለበት ሰው ሐኪም ሲፈቅድለት እስኪያመው ይሂድ፤ ይረፍ፤ ደግሞም ይሂድ፤ ይህ ለወራት ሲደጋገም የሚሄድበት መንገድ ይረዝማል። እግር በድንገት ቀዝቅዞ፤ ነጥቶ፤ ብርቱ ሕመም ያመጣ እንደ ኾነ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ያስፈልጋል።

መምህራን ይህን ለተማሪዎች ሲያስተምሩ፤ ልጆች አያቶቻቸውን «መንገድ ሲሄዱ ባትዎን ያምዎታልን?» ብለው እንዲጠይቁ ይንገሯቸው። በጊዜ የተጠየቀ ሰው እግሩን ያተርፋልና።