የባለሙያው እጅ በማይደርስበት፦ የሕፃናት ኦኩፔሽናል ቴራፒ በርቀት



ኦኩፔሽናል ቴራፒ ሕፃኑ ራሱ እንዲጎርስ፣ እንዲለብስ፣ እርሳስ እንዲጨብጥ የሚያግዝ ሙያ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ ክሊኒኮችን ሲያዘጋ፣ አገልግሎቱ በብዙ አገሮች ወደ ቪዲዮ ጥሪ ተሸጋገረ። ባለሙያው ያን ጊዜ ያጣው እጁን ነው፤ የጡንቻን መጥበቅና መላላት በስክሪን መዳሰስ አይቻልም። ስለዚህ ሥራው ወላጅን ወደ ማሠልጠን ተለወጠ፤ ባለሙያው አይቶ ይመራል፣ እናት የልጇን ክርን ትደግፋለች። ልምምዱ ልጁ በየቀኑ በሚይዘው ማንኪያ፣ በሚቀመጥበት በርጩማ ላይ መሆኑ ትልቅ ጥቅም ነው።

ነገር ግን ለመዋጥ የሚቸገር ሕፃን ትን ቢለው፣ ከስክሪን ማዶ ያለ ሰው አይደርስለትም። ስለዚህ የመጀመሪያው ምርመራና አደጋ ያለው ልምምድ በአካል፣ ክትትሉ በርቀት ይሁን እላለሁ። ሸክሙ ወደ እናት መዞሩንም አንዘንጋ፤ ስለ ልጁ ስንጠይቅ ስለ ድካሟም እንጠይቃት።