አሜሪካኖች ቀይ ባሕር ዳር የደረሱት እንዴት ነበር?

"የዓለም ጦርነት" ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ብዙ ሰው ግን "እሱ የፈረንጆች ጠብ ነው፤ ከኛ ጋር ምን አገናኘው?" ይላል። እስቲ ነገሩን ከቅርብ እንጀምረው።

ያ ጦርነት ወለጋን ረግጦ ነው ያለፈው። በሰኔ ወር 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ነቀምቴ አጠገብ ቦነያ ላይ አረፉ። የጥቁር አንበሳ አርበኞች ሌሊት ደረሱባቸውና ጄኔራል ማሊዮኮን ጨምሮ ብዙዎቹን ገደሉ፤ አውሮፕላኖቹንም አቃጠሉ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1933 ዓ.ም. ሰኔ ሲያልቅ፣ ጋዜራ የሚባለው የጣሊያን ጄኔራል ደምቢ ዶሎ ላይ እጁን ሰጠ። የሰጠው ለማን ነው? ከቤልጅግ ኮንጎ ለመጣ ጦር! የኮንጎ ልጅ ያን ያህል አገር አቋርጦ ደምቢ ዶሎ ላይ ሲዋጋ፣ ጦርነቱ የዓለም ጦርነት ለመባሉ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

ታዲያ አሜሪካስ የት ነበረች?

አሜሪካ ከውቅያኖስ ማዶ ያለች አገር ናት። ባሕር ተሻግራ መሬት መያዝ የጀመረችው ግን ከዚያ ጦርነት ብዙ ዘመን በፊት ነው። ዐድዋ ላይ ጣሊያን ድል ከሆነ ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1890 ዓ.ም.፣ አሜሪካ ከእስፓኝ ጋር ተዋጋች። አሸነፈችና ፖርቶ ሪኮን፣ ጉዋምን፣ ፊሊፒንን ወሰደች። ለፊሊፒን 20 ሚሊዮን ዶላር ለእስፓኝ ከፈለች። የፊሊፒን ሰዎች "እኛ የሚሸጥ ከብት አይደለንም" ብለው ለነፃነታቸው ብዙ ዓመት ተዋጉ፤ ነፃ የወጡት ግን በ1938 ዓ.ም. ነው። በዚያው በ1890 ዓ.ም. ሃዋይ የሚባሉትን ደሴቶችም ከግዛቷ ቀላቀለች። ይህን የሃዋይ ስም እንያዘው፤ በኋላ ይመጣል።

ወደኛ አገር ግን መጀመሪያ የመጣው ጨርቅ ነው። እናቶቻችንና አያቶቻችን የሚያውቁት አቡጀዲ በዚያ ዘመን አብዛኛው የአሜሪካ ፋብሪካ ሥራ ነበር። እነሱ ደግሞ ከኛ ቆዳና ቡና ይገዙ ነበር። በታኅሣሥ 1896 ዓ.ም. ስኪነር የሚባል የአሜሪካ መልእክተኛ አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ተፈራረመ። ወታደር አልነበረም፤ መሬትም አልጠየቀም። እንግዲህ የመጀመሪያው መተዋወቅ በገበያ በኩል ነው ማለት ነው።

ጣሊያን በመስከረም 1928 ዓ.ም. ሲወረን አሜሪካ ገለልተኛ ነኝ አለች። ገና ወረራው ሳይጀመር፣ በነሐሴ 1927 ዓ.ም.፣ ለሚዋጉ አገሮች መሣሪያ እንዳይሸጥ የሚከለክል ሕግ አውጥታ ነበር። ሕጉ ለሁለቱም ወገን እኩል ይመስላል። ነገር ግን አንዱ ጎተራው ሙሉ፣ ሌላው ባዶ ሆኖ ሳለ "ለሁለታችሁም እህል አልሸጥም" ማለት እኩልነት ነው ወይ? ጣሊያን መሣሪያውን በራሱ ፋብሪካ ይሠራል። እኛ አንሠራም። ደግሞስ መሣሪያ ተከለከለ እንጂ ነዳጅ አልተከለከለም፤ የአሜሪካ ነጋዴዎች ለጣሊያን ነዳጅ መሸጣቸውን አላቆሙም። አውሮፕላን በምን ይበራል?

ሐቁን በሙሉ ለመናገር ያህል፣ የአሜሪካ መንግሥት ጣሊያን ኢትዮጵያን መያዙን በሕግ አልተቀበለም። ከአሜሪካ ጥቁሮች መካከልም ዮሐንስ ሮቢንሰን የሚባል አውሮፕላን ነጂ በገዛ ፈቃዱ መጥቶ ለኢትዮጵያ በሯል። ከነፃነት በኋላም ተመልሶ መጥቶ ልጆቻችንን በረራ አስተምሯል። መንግሥትና ሕዝብ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም።

አሁን ወደ ሃዋይ እንመለስ። ኅዳር 28 ቀን 1934 ዓ.ም. የጃፓን አውሮፕላኖች ሃዋይ ላይ የቆሙትን የአሜሪካ የጦር መርከቦች በድንገት ደበደቡ። ከ2,400 በላይ አሜሪካውያን ሞቱ። አሜሪካ በማግሥቱ በጃፓን ላይ ጦርነት አወጀች። በዚያው ሳምንት ጀርመንና ጣሊያን ደግሞ በአሜሪካ ላይ አወጁ። እኛ በዚያን ጊዜ ነፃ ወጥተን ሰባት ወር አልፎን ነበር።

ከዚህ በፊት ግን አሜሪካ አንድ ነገር አድርጋ ነበር። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. የማበደርና የማከራየት ሕግ አወጣች። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ለሕዝቡ ሲያስረዳ፣ የጎረቤት ቤት ሲቃጠል የውኃ ጎማ እናውሰዋለን እንጂ ቆመን ዋጋ አንደራደርም ብሎ ነበር። በኛ አገር ገንቦ ይዞ መሮጥ ማለት ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ለእንግሊዝ መሣሪያና ዕቃ ጎረፈ። ዕቃው ሲሄድ ደግሞ ሠራተኛውም አብሮ ሄደ። ሠራተኛው ከሄደባቸው ቦታዎች አንዱ ኤርትራ ነበር።

ምጽዋ ወደብ ላይ የሆነውን እንመልከት። ጣሊያኖች መጋቢት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ምጽዋን ለእንግሊዝ ከመልቀቃቸው በፊት፣ ወደቡ ለጠላት እንዳይጠቅም ብለው መርከቦቻቸውን በራሳቸው ፈንጂ እየወጉ አሰመጡ። ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛም ነበራቸው። ይህ መጠገኛ እንደ ትልቅ ገንዳ ነው፤ መርከብ ይገባበትና ውኃው ወጥቶ መርከቡ በደረቅ ይጠገናል። እሱንም አሰመጡት። በዓመቱ፣ በ1934 ዓ.ም.፣ ኤልስበርግ የሚባል የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን ደረሰ። ጠላቂዎቹ ከባሕር ሥር ቀዳዳውን እየደፈኑ፣ አየር በጉልበት እያስገቡ፣ መጠገኛውን መልሰው አንሳፈፉት። በደንብ የተደፈነ ባዶ ገንቦ ውኃ ውስጥ አልሰጥም እንደሚል ዓይነት ነው። የምጽዋን ሙቀት የቀመሰ ያውቀዋል፤ ብረቱ በፀሐይ ግሎ እጅ ያቃጥላል። ሥራውን የሠሩት አሜሪካኖች ብቻ አልነበሩም። የኤርትራ ሰዎች፣ ዓረቦች፣ ሱዳኖች፣ እንዲያውም የተማረኩ ጣሊያኖች ሳይቀሩ ነበሩበት። በዚያው ጊዜ ደቀመሐሪ አጠገብ ጉራ ላይ ሌሎች አሜሪካኖች በግብጽ በረሃ ሲዋጉ የተጎዱትን የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ይጠግኑ ነበር።

ጉራ ካልን አይቀር፣ በ1868 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ግብጾችን ድል ያደረጉት እዚያው ጉራ ላይ ነው። በዚያ የግብጽ ጦር ውስጥም በደመወዝ የተቀጠሩ የአሜሪካ መኮንኖች ነበሩ፤ ሎሪንግ የሚባለው ጄኔራል ዋናው ነው። መንግሥታቸው አልላካቸውም፣ ለእንጀራ ነው የመጡት። ቢሆንም አሜሪካኖች ጉራን ሲያዩ በ1934 የመጀመሪያቸው አልነበረም።

የጉራና የምጽዋ ሥራ ጦርነቱ ከሰሜን አፍሪካ ሲርቅ አበቃ። አልሄድም ያለው የአስመራው ሬዲዮ ነው።

ጣሊያኖች አስመራ ላይ ሬዲዮ ማሪና የሚባል የባሕር ኃይል ጣቢያ ነበራቸው። በ1935 ዓ.ም. ከአሥር የማይበልጡ የአሜሪካ ወታደሮች መጥተው ተረከቡት። የመጡት ዜና ለማሰማት አይደለም፣ ለመስማት ነው። የሬዲዮ ድምፅ ወደ ሰማይ ወጥቶ ተመልሶ ሩቅ አገር ይወርዳል። የሚወርድበትን ቦታ ያወቀ የሌላውን ንግግር ይጠልፋል። አስመራ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ከምድር ወገብም ብዙ አትርቅም። ስለዚህ ድምፁ ከዓመት እስከ ዓመት ጥርት ብሎ ይሰማል።

ምን ተሰማ? ኦሺማ የሚባለው በበርሊን የጃፓን አምባሳደር፣ ጀርመኖች በፈረንሳይ ባሕር ዳርቻ የሠሩትን ምሽግ ተዘዋውሮ አየ። ያየውንም በኅዳር 1936 ዓ.ም. ገደማ በምስጢር ጽሑፍ ወደ ቶኪዮ በሬዲዮ ላከ። ያ መልእክት አስመራ ላይ ተጠለፈ። አሜሪካኖች ምስጢሩን መፍታት ያውቁ ስለነበር አነበቡት። ግንቦት 29 ቀን 1936 ዓ.ም. የእንግሊዝና የአሜሪካ ጦር በዚያው በፈረንሳይ ዳርቻ ሲወርድ፣ ስለ ምሽጉ ካወቀባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነበር። በደጋው ላይ የተተከለ የብረት ምሰሶ ለአውሮፓ ጦርነት ይህን ያህል አገልግሏል።

የኢትዮጵያ መንግሥትስ? እሱም ጉዳይ ነበረው። ጣሊያንን ለማስወጣት የረዱን እንግሊዞች ቶሎ አልሄዱም። ኦጋዴንን ይዘው ነበር፤ የባቡሩም ሐዲድ በእጃቸው ነበር። ቤቱን ከሌባ ያስጣለህ ሰው ቁልፉን ይዞ ሲቀመጥ ምን ታደርጋለህ? ሌላ ትልቅ ሰው ትፈልጋለህ። ኢትዮጵያ በሐምሌ 1934 ዓ.ም. ከተባበሩት አገሮች ጎን መቆሟን አስታወቀች። በነሐሴ 1935 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የብድርና የኪራዩን ውል ተዋዋለች። የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም. ደግሞ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ወደ ግብጽ ሄደው፣ በስዊዝ ቦይ መካከል ባለው ታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ በቆመ የአሜሪካ የጦር መርከብ ውስጥ ሩዝቬልትን አነጋገሩ። ስለ ኤርትራ፣ ስለ ባሕር በር፣ ስለ ባቡሩና ስለ መሣሪያ ጠየቁ። ሩዝቬልት በሁለት ወሩ ሞተ። መንገዱ ግን ተከፍቶ ነበር።

ጦርነቱ አለቀ። አዳማጩ ጣቢያ ለምን አልተዘጋም? የሚሰማው ስለ ተለወጠ ነው። ትናንት ጀርመንና ጃፓን ነበሩ፤ ዛሬ ደግሞ አሜሪካ ከሶቪየት ኅብረት ጋር ተቃቅራለች። በመስከረም 1945 ዓ.ም. ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትዋሐድ፣ ጣቢያውን ለማቆየት ከአዲስ አበባ ጋር መዋዋል ግድ ሆነ። ግንቦት 14 ቀን 1945 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ ሁለት ውሎች በአንድ ቀን ተፈረሙ። አንዱ ውል አሜሪካ ጣቢያውን ለ25 ዓመት እንድትጠቀምበት የሚፈቅድ ነው። ሌላው አሜሪካ ለኢትዮጵያ ጦር መሣሪያና አሠልጣኝ እንድትሰጥ የሚያደርግ ነው። መንታ ናቸው፤ አንዱን ያለ ሌላው ማንበብ አይቻልም። በእርሻ መሬት ላይ ጣቱን ቀለም ነክሮ የፈረመ ሰው ይህን ይረዳዋል፤ ዋናው ነገር ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ወረቀት ላይ ነው ያለው። በአስመራ ዙሪያ ምሰሶ የተተከለበትን መሬት የሚያርሰውን ገበሬ ማንም አልጠየቀውም። የወለጋውንም ቢሆን ማንም አልጠየቀውም።

ጣቢያው ቃኘው ተባለ። ቃኘው የልዑል ራስ መኮንን የጦር ፈረስ ስም ነው። በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ የዘመተው ሻለቃ ጦራችንም በዚሁ ስም ተጠርቷል። ጣቢያው እያደር ከተማ ሆነ። በሺህ የሚቆጠሩ አሜሪካውያን ከነቤተሰቦቻቸው ኖሩበት፤ የራሳቸው ትምህርት ቤት፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ነበራቸው። ሩቅ የሚሄዱ የሶቪየት መንኮራኩሮችን የሚሰማ 45 ሜትር ያህል ስፋት ያለው እንደ ሰፌድ ያለ መሣሪያም ተከሉ። በአንጻሩ አሜሪካ ለአፍሪካ ከሰጠችው ወታደራዊ ዕርዳታ ግማሽ ያህሉ በነዚያ ዓመታት የመጣው ወደ ኢትዮጵያ ነው። ፌዴሬሽኑ በ1955 ዓ.ም. ሲፈርስና በኤርትራ ጦርነቱ ሲከር፣ የተተኮሰው ጥይት ከየት እንደመጣ መናገር አያሻም።

ለኛ ለኪራሙ ሰዎች ቅርብ የሆነው ግን ሌላው ሥራቸው ነው። ከኪራሙ በስተሰሜን ዓባይ አለ። ሶቪየቶች ለግብጽ የአስዋንን ግድብ ለመሥራት ሲነሡ፣ አሜሪካም ከ1950 እስከ 1956 ዓ.ም. ባለሙያዎች ልካ ዓባይን ከነገባሮቹ አስጠናች። አንገርና ዴዴሳ ተለኩ፤ ፊንጫም ተለካ። በዓባይ ላይም ለአራት ትልልቅ ግድቦች ቦታ ተመለከተ፤ በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የተሠራው ከአራቱ በአንዱ አቅራቢያ ነው። እንግዲህ ከዚያ ሁሉ ወዳጅነት ለገበሬው የሚጠቅመው ይህ ወረቀት ነበር እላለሁ። እሱም ቢሆን ብዙ ዘመን በመደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

ቃኘው የተዘጋው በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ነው። ደርግ አሜሪካኖቹ በጥቂት ቀን ውስጥ እንዲወጡ አዘዘ። በዚያን ጊዜ ሰማይ ላይ የሚዞሩ ሳተላይቶች የጣቢያውን ሥራ ወስደውት፣ ሰዎቹም እየተመናመኑ ነበር፤ አሜሪካም ጣቢያውን ልትዘጋው ወስና ነበር። የ25 ዓመቱ ውል ሊያልቅ የቀረው አንድ ዓመት ከአንድ ወር ያህል ነው። ብዙ ሳይቆይ ከሶቪየት ኅብረት የተጫነ መሣሪያ መግባት ጀመረ፤ ከምጽዋ ፊት ለፊት ባሉት የዳህላክ ደሴቶችም ለሶቪየት የጦር መርከቦች ማረፊያና መጠገኛ ተሠራ።