የልብስ ማጠቢያ መኪና በቆመ ጊዜ ባለቤቱ ሊያደርገው የሚገባ ምርመራ

የልብስ ማጠቢያ መኪና ቀድሞ በትልልቅ ሆቴሎችና በጥቂት ባለጸጎች ቤት ብቻ የሚታይ ዕቃ ነበር። ዛሬ ግን በከተማ በሚኖሩ በብዙ ቤተ ሰቦች ዘንድ፥ በእንግዳ ማረፊያዎች፥ በጠጕር ሥራ ቤቶችና በአነስተኛ የልብስ እጥበት ድርጅቶች ሁሉ ይሠራል። አብዛኛው በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ የሚገባ ስለ ሆነ ዋጋው ቀላል አይደለም። ሥራውን ባቆመ ጊዜም የሚያስከትለው ኪሣራ የጥገናው ዋጋ ብቻ አይደለም። አንሶላው ያልታጠበ የእንግዳ ማረፊያ አልጋውን አያከራይም፤ የደንበኛውን ልብስ በቀጠሮው ቀን ያላስረከበ ልብስ አጣቢም ደንበኛውን ያጣል።

ይሁን እንጂ መኪናው ቆመ ማለት ሁልጊዜ ተበላሸ ማለት አይደለም። ይህ መኪና እንዲሠራ ከውጭ የሚፈልጋቸው አራት ነገሮች አሉ። እነርሱም በቂ የኤሌክትሪክ ኀይል፥ በበቂ ግፊት የሚገባ ውሃ፥ ያለ እንቅፋት የሚወጣ ፍሳሽ፥ እንዲሁም የተስተካከለ አቀማመጥና ጭነት ናቸው። ከአራቱ አንዱ በተጓደለ ጊዜ ምንም ያልተሰበረው መኪና እንደ ተሰበረ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ምርመራው ምንጊዜም ከውጭ ወደ ውስጥ፥ ገንዘብ ከማያስወጣው ወደሚያስወጣው መሄድ አለበት። አስቀድሞ ብሎን መፍታት የጀመረ ሰው ግን «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው ይደርስበታል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚደረግ ጥንቃቄ

በአገራችን በቤት የሚገኘው የኤሌክትሪክ ኀይል 220 ቮልት ነው፤ ይህም ከውሃ ጋር በተገናኘ ጊዜ ሰው ይገድላል። ማንኛውም ምርመራ ከመጀመሩ በፊት መኪናውን በማጥፊያው ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ስፒናውን ከግድግዳው ሶኬት መንቀልና የውሃውን መዝጊያ መዝጋት ያስፈልጋል። ወለሉ ረጥቦ እንደ ሆነ አስቀድሞ ማድረቅ፥ በባዶ እግርም አለመቆም ተገቢ ነው። የመኪናው አካል ሲነካ የሚነዝር ከሆነ ግን የምድር ሽቦው አለመኖሩን ወይም መበጠሱን፥ በውስጡም ኀይል የሚያመልጥበት ስፍራ መኖሩን የሚያመለክት ነው። እንዲህ ያለው መኪና በኤሌክትሪክ ባለሙያ ሳይታይ ለአንድ ቀን እንኳ መሠራት የለበትም።

1ኛ፤ መኪናው ጨርሶ የማይነሣ እንደ ሆነ

በመጀመሪያ ሌላ የኤሌክትሪክ ዕቃ በዚያው ሶኬት ላይ ሰክቶ መሞከር ነው። ያም ካልሠራ ጥፋቱ የሶኬቱ ወይም የባልቦላው እንጂ የመኪናው አይደለም። ውሃ የሚያሞቅ መኪና እስከ 2000 ዋት ያህል ኀይል ይስባል፤ ይህም በ220 ቮልት 9 አምፔር ያህል ማለት ነው። ቀጭን ሽቦ ባለው ማራዘሚያ ላይ የተሰካ እንደ ሆነ ሽቦው ይግላል፥ ስፒናውም ይጠቍራል፤ ቆይቶም እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ስለዚህ መኪናውን በቀጥታ በግድግዳው ሶኬት ላይ መሰካት ይሻላል።

ሶኬቱ ደኅና ከሆነ የመኪናውን በር መመልከት ይገባል። በሩ በሚገባ ካልተዘጋ መኪናው ለጥንቃቄ ሲባል አይነሣም። በበሩ ጎማ መካከል የተቀረቀረ የልብስ ጫፍ ይህን ለማድረግ ይበቃል። ልጆች እንዳይነካኩት የተዘጋጀው ቁልፍ ሳይታወቅ ተነክቶ እንደ ሆነም መኪናው ትእዛዝ አይቀበልም። ባልቦላው ወይም ማቋረጫው አንድ ጊዜ ተመልሶ ሁለተኛ ከጣለ ግን ደጋግሞ መመለስ አደጋ አለው፤ በመኪናው ውስጥ ኀይል የሚያመልጥበት ስፍራ ሊኖር ይችላልና።

መብራት በሚጠፋበት ጊዜ ስፒናውን መንቀል፥ ከተመለሰም በኋላ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ መልካም ልማድ ነው። ኀይሉ በሚመለስበት ጊዜ ከፍና ዝቅ ስለሚል የመኪናውን መቆጣጠሪያ ሊያቃጥል ይችላል። የኀይል ማስተካከያ መሣሪያ የሚገዛ ሰው የመሣሪያው አቅም በመኪናው ላይ ከተለጠፈው የዋት መጠን መብለጡን ማረጋገጥ አለበት።

2ኛ፤ ውሃ የማይገባ ወይም እጅግ ቀስ ብሎ የሚገባ እንደ ሆነ

ለውሃ ማጠራቀሚያ ጋን ባለቤቶች ይህ ክፍል ከሁሉ ይልቅ ይጠቅማል። በፊት በኩል የሚከፈቱ ብዙ መኪናዎች የሚገባው ውሃ ቢያንስ 0.5 ባር ያህል ግፊት እንዲኖረው ይፈልጋሉ። ከፍ ካለ ስፍራ የሚወርድ ውሃ ደግሞ በየ1 ሜትሩ ከፍታ 0.1 ባር ያህል ግፊት ብቻ ያገኛል። ስለዚህ ጋኑ ከመኪናው በ3 ሜትር ከፍ ብሎ እንደ ሆነ ግፊቱ 0.3 ባር ነው፤ የሚፈለገውን ለማግኘት ግን 5 ሜትር ያህል ያስፈልጋል። እንዲህ ባለው ቤት መኪናው ውሃ እስኪሞላ ጠብቆ ጠብቆ በመጨረሻ የስሕተት ምልክት ያሳያል። ባለቤቱም ይህን ባለማወቅ የውሃ ማስገቢያውን ክፍል በአዲስ ያስለውጣል፤ ገንዘቡ ሲወጣ ችግሩ ግን እዚያው ይቀራል። ትክክለኛው መድኀኒት ጋኑን ከፍ ማድረግ ወይም ግፊት የምትጨምር አነስተኛ ፓምፕ ማስገባት ነው።

ግፊቱ በቂ ከሆነ ቱቦው አለመታጠፉን ማየት፥ ከዚያም ቱቦውን ከመኪናው ጀርባ ፈትቶ በመግቢያው ላይ ያለችውን ትንሽ ወንፊት መመልከት ነው። ወንፊቷን በፒንሳ ቀስ ብሎ ስቦ ማውጣትና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ በውሃ ማጠብ ይቻላል። ውሃ በፈረቃ በሚደርስባቸው ሰፈሮች፥ ቧንቧው ቆይቶ በሚመለስበት ጊዜ በመጀመሪያ የሚመጣው ውሃ ዝገትና ደለል ይዞ ይመጣል። ስለዚህ አስቀድሞ ሌላውን ቧንቧ ከፍቶ ውሃው እስኪጠራ ማፍሰስ፥ የመኪናውን ግን ከዚያ በኋላ መክፈት ወንፊቷን ከመደፈን ያድናታል።

3ኛ፤ ውሃው የማይወጣ ወይም ልብሱ ሳይጨመቅ የሚቀር እንደ ሆነ

መኪናው ውሃውን ሳያፈስ ልብስ አይጨምቅም፤ ስለዚህ ሁለቱ ችግሮች ብዙ ጊዜ አንድ ናቸው። በፊት በኩል በሚከፈቱት ብዙ መኪናዎች በታችኛው ማዕዘን ትንሽ መዝጊያ አለች፤ ከእርሷም በስተኋላ የፓምፑ ማጣሪያ ይገኛል። ከኪስ የወጣ ሳንቲም፥ ቍልፍ፥ የጠጕር መርፌና የጨርቅ ብናኝ የሚጠራቀመው በዚህ ነው። ውሃው ትኩስ ከሆነ እስኪበርድ መቆየት፥ ዝቅ ያለ ሳሕን ከሥሩ ማድረግና መዝጊያውን ወደ ግራ በጥቂት በጥቂቱ ማላላት ያስፈልጋል፤ በአንድ ጊዜ የተከፈተ እንደ ሆነ ውሃው ቤቱን ያጥለቀልቃል።

የፍሳሹ ቱቦ አቀማመጥም ይመረመር። በፊት በኩል በሚከፈቱት ዘንድ የቱቦው ጫፍ ከወለሉ ከ60 እስከ 100 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይታሠራል። ወለል ላይ የተጣለ እንደ ሆነ የሚገባው ውሃ ወዲያው ተስቦ ይወጣል፤ መኪናውም ሲቀዳና ሲያፈስ ይውላል።

ሦስተኛው ምክንያት ሳሙና ነው። ለእጅ እጥበት የተዘጋጀ ዱቄት ሳሙና አረፋው ብዙ ነው፤ አረፋ ደግሞ ፓምፑን ያግደዋል፥ በጭመቃም ጊዜ በርሜሉን እንዳይሽከረከር ይይዘዋል። ለመኪና የተዘጋጀውን፥ አረፋው ያነሰውን ሳሙና በልኩ መጠቀም ይህን ያስቀራል።

4ኛ፤ መኪናው የሚንቀጠቀጥና የሚጮኽ እንደ ሆነ

አዲስ መኪና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚዘል ከሆነ፥ በጕዞ ላይ በርሜሉ እንዳይንገላታ በጀርባው የታሠሩት ብሎኖች አልተፈቱ ይሆናል። እነዚህን ሳይፈቱ ማሠራት ማስደንገጫ ሞላዎቹንና በርሜሉን ይጐዳል። ብሎኖቹን ከፈቱ በኋላ መጣል አይገባም፤ ቤት በሚለወጥበት ጊዜ ተመልሰው ይታሠራሉና።

ከዚህ በኋላ በመኪናው ላይ ውሃ ልክ አስቀምጦ አራቱን እግሮች ማስተካከል ነው። ጭነቱም ይታይ። አንድ ጋቢ ወይም አንድ ብርድ ልብስ ብቻውን የገባ እንደ ሆነ ውሃ ሲጠጣ በአንድ ወገን ይከብዳል፤ በርሜሉም ሚዛኑን ያጣል። ከሌሎች ልብሶች ጋር ቀላቅሎ ማጠብ ይሻላል።

ጭመቃው በፈጠነ መጠን እየበረታ የሚሄድ ጕርምርምታ ግን ሌላ ነገር ያመለክታል። መኪናው ተነቅሎ ባዶ ሳለ የበርሜሉን ከንፈር ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች ማነቃነቅ ነው። ውጭኛው ገንዳ አብሮት ከተንቀሳቀሰ ደኅና ነው፤ በርሜሉ ብቻውን የሚነቃነቅ ከሆነ ግን ኩሽኔታው አልቋል። ይህም የባለሙያ ሥራ ነው።

5ኛ፤ ውሃ የሚያፈስ እንደ ሆነ

የሚያፈሰውን ስፍራ ለማግኘት የሚያፈስበትን ሰዓት ማስተዋል ይጠቅማል። ገና ውሃ ሲቀዳ የሚያፈስ ከሆነ የመግቢያው ቱቦ ጎሚኒ ወይም የሳሙናው ሣጥን ነው። በሚያጥብበት ጊዜ ከፊት የሚያፈስ ከሆነ የበሩ ጎማ ነው፤ ጎማውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ጠጕርና ክር ማስወገድ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ የተቀደደ ከሆነ ግን ይለወጣል። ውሃ ሲያስወጣ ብቻ የሚያፈስ ከሆነ ደግሞ የፍሳሹን ቱቦና የማጣሪያውን መዝጊያ ማየት ያስፈልጋል።

6ኛ፤ ስለ ባለ ሁለት ገንዳ መኪና

በአንዱ ገንዳ የሚያጥበውና በሌላው የሚጨምቀው መኪና አሠራሩ ቀላል ነው። አብዛኞቹ ውሃውን የሚያፈሱት ያለ ፓምፕ ስለ ሆነ፥ ከላይ ከተነገረው በተቃራኒ፥ የፍሳሻቸው ቱቦ ወደ ታች መውረድ አለበት፤ ከፍ ያለ እንደ ሆነ ውሃው አይወጣም። የሚያጥበው ገንዳ እያጕረመረመ የማይዞር ከሆነ ወዲያው መንቀልና ከታች ባለው ተሽከርካሪ ሳሕን ሥር ካልሲ ወይም ሳንቲም አለመግባቱን መመልከት ነው። የሚጨምቀው ገንዳ ካልዞረ ደግሞ ክዳኑ አለመከደኑ ወይም ልብሱ በአንድ ወገን መከመሩ ይሆናል።

የባለቤቱ ሥራ የሚያበቃበት ወሰን

ማሞቂያው፥ ሞተሩ፥ መቆጣጠሪያው፥ ኩሽኔታውና የሞተሩ ማስነሻ ካፓሲተር ለባለሙያ የሚተው ናቸው። በተለይ ካፓሲተሩ መኪናው ከተነቀለ በኋላ እንኳ ኀይል ይዞ ሊቆይ ስለሚችል በባዶ እጅ መንካት አደገኛ ነው።

ባለሙያ የጠራ ሰው የሚለወጠው ዕቃ የትኛው እንደ ሆነና በምን እንደ ታወቀ መጠየቅ፥ የወጣውንም አሮጌ ዕቃ መቀበል መብቱ ነው። መለዋወጫ ለመግዛት ወደ መርካቶ የሚሄድም የመኪናውን ዐይነት ቍጥር፥ በበሩ ከንፈር ወይም በጀርባው ከተለጠፈው ወረቀት ጽፎ፥ ከተቻለም አሮጌውን ዕቃ ይዞ ይሂድ። ቺንጋ በ1 ሴንቲሜትር ከረዘመ ይንሸራተታል፤ የበር ጎማም ተመሳሳይ መስሎ የሌላ መኪና ሊሆን ይችላል።

ከዚሁ ጋር ለአስመጪዎችና ለሻጮች የሚነገር ነገር አለ። መኪናውን የሸጠ ነጋዴ ማጣሪያውን፥ ጎማውን፥ ቺንጋውንና ፓምፑን አብሮ ቢያስቀምጥ፥ በአማርኛ የተጻፈም አጭር መመሪያ ቢሰጥ፥ የሸጠው ዕቃ ረጅም ዘመን ያገለግላል፤ ገዢውም ሁለተኛ ዕቃ ሲፈልግ ወደ እርሱ ይመለሳል። በ5 ሜትር የውሃ ከፍታ ስለሚሠራው መኪና በሽያጭ ጊዜ የተነገረ አንድ ቃል፥ ከሽያጭ በኋላ የሚመጣውን ብዙ ክርክር ያስቀራል።

«ሳይቃጠል በቅጠል» እንደ ተባለ፥ ከጥገና ሁሉ የሚቀለው ጥንቃቄ ነው። ልብስ ከመግባቱ በፊት ኪስ መፈተሽ፥ ከእጥበት በኋላ የበሩን ጎማ ጠርጎ በሩን ገርበብ አድርጎ መተው፥ በወር አንድ ጊዜ ማጣሪያውን ማጠብ ይበቃል። አዲስ አበባ ውሃዋን ከፊሉን ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች፥ ከፊሉን ከአቃቂ ጕድጓዶች ታገኛለች። የጕድጓድ ውሃ በጠቅላላው ከግድብ ውሃ የበለጠ ማዕድን ስለሚይዝ በማሞቂያው ላይ ነጭ ቅርፊት ያበጃል። ይህ በሚታይበት ቤት በየጥቂት ወሩ 100 ግራም ያህል ሲትሪክ አሲድ በባዶው በርሜል አድርጎ፥ የመኪናው መመሪያ የማይከለክል እንደ ሆነ፥ በ60 ዲግሪ ሙቀት ማሠራት ቅርፊቱን ያሟሟዋል። ይህን ሁሉ የሚያደርግ ባለቤት ባለሙያ የሚጠራው በእውነት በሚያስፈልግበት ቀን ብቻ ይሆናል።