ቀይ የደም ሴል እንዲበዛ የሚያዝዘው ሆርሞን፦ ትእዛዙ ወደ ሴሉ ውስጥ እንዴት ይደርሳል?

በደም ምርመራ ሄሞግሎቢንዎ ከፍ ብሎ ቢገኝ «አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስላለች ነው» የሚልዎት አይጠፋም። ነገሩ በከፊል እውነት ነው። ውቤ በረሃና ፒያሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2400 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናቸው፤ እዚያ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኙት ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚገኘው በአንድ አራተኛ ገደማ ያንሳል።

ይህን እጥረት የሚለየው ኩላሊት ነው። ኦክስጅን ሲያንሰው ኤሪትሮፖይቲን የተባለ ሆርሞን ወደ ደም ይለቃል፤ ሆርሞኑም በአጥንት መቅኒ ውስጥ ካሉት ገና ያልበሰሉ ቀይ የደም ሴሎች ዘንድ ይደርሳል። ወደ ሴሉ ግን አይገባም። በሴሉ ሽፋን ላይ ያሉ ሁለት ተቀባዮችን አንድ ላይ ይይዝና አቀማመጣቸውን ይለውጣል። በእያንዳንዱ ተቀባይ ላይ፣ በሴሉ ውስጠኛ በኩል፣ ጃክ-2 የሚባል ፕሮቲን ተጣብቆ ይገኛል። ሁለቱ ጃክ-2ዎች አንዱ በሌላው ላይ ፎስፌት ሲለጥፉ ይነቃሉ፤ ቀጥለው በተቀባዩ ጭራ ላይም ይለጥፋሉ። ስታት-5 የተባለው ፕሮቲን እዚያ ያርፋል፤ ፎስፌት ሲለጠፍበት ጥንድ ሆኖ ወደ ሴሉ ኒውክለስ ይገባና ሴሉን ከሞት የሚያተርፉ ጂኖችን ያስነሳል። መልእክቱ «አትሙት፣ እደግ» እንደማለት ነው። ሥራው ሲያልቅ ሌሎች ፕሮቲኖች ፎስፌቱን ያነሳሉ፤ ትእዛዙም ይቆማል።

ኩላሊቱ የደከመ ሰው ሆርሞኑ ስለሚያንሰው ደም ማነስ ይይዘዋል። የብረት እንክብል ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃውም፤ ብዙ የዲያሊሲስ ታካሚዎች የኤሪትሮፖይቲን መርፌ የሚወጉት ለዚህ ነው።

ተቃራኒው ችግር በ2005 እ.ኤ.አ. ግልጽ ሆነ። በጃክ-2 ላይ አንዲት አሚኖ አሲድ ስትለወጥ ፕሮቲኑ ሆርሞን ሳይጠራውም ይሠራል። ፖሊሳይቴሚያ ቬራ በተባለው የደም ካንሰር ከያዛቸው ሰዎች አብዛኞቹ ይህ ለውጥ አላቸው። ደማቸው ይወፍራል፤ የደም መርጋትና ስትሮክም ያሰጋቸዋል።

ታዲያ ከፍታውን ቶሎ ተጠያቂ አያድርጉ። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በ3530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ የሰሜን ተራሮች አማሮችን መርምሮ አማካይ ሄሞግሎቢናቸውን በወንዶች 15.9፣ በሴቶች 15.0 ግራም በዴሲሊትር አግኝቶታል። ይህ በባሕር ጠለል ከሚኖሩ ሰዎች ጋር ተቀራራቢ ነው። ከዚያ ዝቅ ብላ ያለችው ፒያሳ ምን ያህል ታመካኛለች?

ሄሞግሎቢንዎ ወንድ ሆነው ከ16.5፣ ሴት ሆነው ከ16 በላይ ሆኖ ከቆየ፣ ይልቁንም በሙቅ ውሃ ከታጠቡ በኋላ ቆዳዎ የሚያሳክክ ከሆነ፣ ሐኪም ያማክሩ። ሲጋራ የሚያጨሱ ወይም የከሰል ጭስ በታፈነበት ቤት የሚውሉ ከሆነም ይንገሩት፤ ሁለቱም ሄሞግሎቢንን ከፍ ያደርጋሉ። ሐኪሙ የኤሪትሮፖይቲን መጠንና የጃክ-2 ምርመራ ሊያዝልዎ ይችላል። የኦክስጅን እጥረት ሆርሞኑን ከፍ ያደርገዋል፤ በፖሊሳይቴሚያ ቬራ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ ብሎ ይገኛል።