የላፕቶፕ ሙቀትና የሰበታ ስስ አየር



ባለፈው ዓመት የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ በማርምበት ሌሊት ላፕቶፔ ድርግም ብሎ ጠፋ፤ ያላስቀመጥሁት የሦስት ሰዓት እርማትም አብሮት ሄደ። ጠጋኙ ሲከፍተው የአየር መውጫው በተጋገረ አቧራ ተደፍኖ ተገኘ። የዛሬው ንግግሬ መነሻ ይህ ነው።

ፕሮሰሰር የሚቀበለውን የኤሌክትሪክ ኃይል ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ሙቀቱ በመዳብ ቱቦ አልፎ ወደ ስስ የብረት ክንፎች ይደርሳል፤ ማራገቢያው በሚነፋው አየር ከዚያ ይወሰዳል። የብዙዎቹ ፕሮሰሰሮች ወሰን 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ወደዚያ ሲቃረቡ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ያም ካልበቃ ማሽኑ ራሱን ያጠፋል።

የምንኖርበት ስፍራም ድርሻ አለው። ሰበታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ሱሉልታ ከእርሷም ትበልጣለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። ውሃችን በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላው፣ ባቄላችንም ቶሎ የማይበስለው በዚሁ ምክንያት ነው። ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚገፋው የአየር ይዘት እዚህም እዚያም አንድ ነው፤ ሙቀቱን የሚሸከመው የአየሩ መጠነ ቁስ ግን እዚህ ያንሳል። የደጋው ቅዝቃዜ ጉድለቱን በከፊል ይክሰዋል።

ታዲያ ማራገቢያውን ዘወትር በሙሉ ፍጥነት ማሽከርከር ይበጃልን? አይበጅም። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የአየሩ ፍሰት እጥፍ ብቻ ይሆናል፤ የሚፈጀው ኃይል ግን ወደ ስምንት እጥፍ ይጠጋል። ድምፁ ይበረታል፤ ኩሽኔታውም ቶሎ ይበላል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። በመጀመሪያ አየሩን ክፈቱለት፦ ከአልጋና ከጋቢ ላይ አንሥታችሁ ጠረጴዛ ላይ አኑሩት፤ በጋው ሲያበቃ ማሽኑን አጥፍታችሁ፣ ማራገቢያው እንዳይዞር ይዛችሁ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አውጡ። ቀጥሎ ሙቀቱን ከምንጩ ቀንሱ፦ በዊንዶውስ የኃይል ማስተካከያ ውስጥ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ መጠን ከ100 ወደ 99 በመቶ ብታወርዱት፣ በብዙ ማሽኖች ተጨማሪው የፍጥነት ግፊት ይቆማል። ለጽሑፍ ሥራ ልዩነቱ እምብዛም አይሰማችሁም። የማራገቢያውን ፍጥነት ማስተካከል የመጨረሻው እርምጃ ይሁን፤ ያን ጊዜም ቀደም ብሎ ተነሥቶ በዝግታ እንዲጨምር አድርጉት።

ከእናንተ መካከል የብዙዎቹ ላፕቶፕ በቤተሰብ ቁጠባ የተገዛ እንደ ሆነ አውቃለሁ። ማሽኑ ሲጮኽ ስሙት፤ ሥራችሁንም ቶሎ ቶሎ አስቀምጡ።