የፓሌት ጃክ ኩሽኔታ በወቅቱ ይለወጥ

እንደሚታወቀው በአርሲ ደጋ የስንዴና የቢራ ገብስ ምርት በብዛት ወደ መጋዘን የሚገባው ከኅዳር ወር ጀምሮ ነው። በ1960ዎቹ ካዱ እየተባለ የሚጠራው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት አሰላ ላይ የእርሻ መሣሪያዎችንና ጋሪዎችን ለማሻሻል የደከመው የገበሬውን ጉልበት ለመቆጠብ ነበር። ዛሬ በመጋዘን ውስጥ ይህንኑ ድካም ከሚያቃልሉት መሣሪያዎች አንዱ በእጅ የሚገፋው ፓሌት ጃክ ነው። በአንድ ጊዜ 20 ኩንታል፣ ማለትም 2 ቶን የሚያነሣ አለ። ኩሽኔታው ሲሰበር ግን ያ ሁሉ ኩንታል ወደ ሠራተኛው ጀርባ ይመለሳል።

ኩሽኔታው ለምን ይበላሻል?

አብዛኛውን ክብደት የሚሸከሙት በሹካዎቹ ጫፍ ያሉት ትንንሽ ጎማዎች ናቸው። ዲያሜትሩ 80 ሚሊ ሜትር የሆነ ጎማ 100 ሜትር ለመሄድ 400 ጊዜ ያህል ይዞራል። በየመጋዘኑ እንዳየነው የእህል አቧራ ወደ ኩሽኔታው ይገባል፤ የጆንያ ክር በዘንጉ ላይ ይጠመጠማል፤ የማዳበሪያ ብናኝም እርጥበት እየሳበ ዝገትን ያፋጥናል።

ጎማው ሲዞር ቢንኳኳ፣ ወደ ጎን ቢወዛወዝ ወይም በአንድ ወገን ብቻ ተልጎ ቢገኝ ኩሽኔታው መመርመር አለበት።

ትክክለኛውን ልክ ስለ መምረጥ

በኩሽኔታው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ማንበብ ያስፈልጋል። ለምሳሌ 6204 የሚለው በብዙ ፓሌት ጃኮች ላይ ይገኛል። የመጨረሻው 04 በ5 ሲባዛ 20 ይሆናል፤ ይህም የውስጥ ቀዳዳው በሚሊ ሜትር ነው። የውጭ ዲያሜትሩ 47፣ ውፍረቱ 14 ሚሊ ሜትር ነው። ቁጥሩ ከጠፋ ሦስቱንም በካሊፐር መለካት ይገባል እንጂ በግምት መግዛት ኪሳራ ነው። ከቁጥሩ ቀጥሎ «ዜድ ዜድ» የሚል ካለበት ክዳኑ ብረት ነው፤ «2 አርኤስ» የሚል ካለበት ላስቲክ ነው። አቧራ ለበዛበት መጋዘን ባለ ላስቲኩ ይመረጣል።

አለዋወጡ

1. ጭነቱን አውርዱ። ባዶውን ሹካ ከፍ አድርጋችሁ ከሥሩ ጠንካራ እንጨት ደግፉ። ያልተደገፈ ሹካ ድንገት ወርዶ እጅ ሊቀጠቅጥ ይችላል።
2. የዘንጉን ፒን አስወጡ፤ ከዚያም ዘንጉን ቀስ ብላችሁ እየመታችሁ አውጡ።
3. አሮጌውን ኩሽኔታ አውጥታችሁ ቀዳዳውን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ።
4. አዲሱን በሞርሳ እየጫናችሁ አስገቡ። ወደ ጎማው ሲገባ ኃይሉ በውጭ ቀለበቱ ላይ ብቻ ይረፍ። የውስጥ ቀለበቱን በመዶሻ መምታት ኳሶቹን ይጎዳል።
5. በአንድ ጎማ ያሉትን ሁለቱንም ኩሽኔታዎች በአንድነት ለውጡ። የጎማው አካል ከተሰነጠቀ ጎማውም ይለወጥ።

ባለ ላስቲኩ ግራሶው ከፋብሪካ ስለሚሞላ በናፍጣ ወይም በቤንዚን መታጠብ የለበትም። ዘንጉን ግን በስሱ ግራሶ ቀቡት።

ምክራችን

የመጋዘን ኃላፊዎች በጥቅምት ወር፣ ምርቱ ሳይገባ፣ ጎማዎቹን ሁሉ እየፈተሹ ቢያንስ ለአንድ ጎማ የሚበቃ ሁለት መለዋወጫ ኩሽኔታ በመጋዘኑ እንዲያኖሩ እንመክራለን። የተጠመጠመ ክርም በየሳምንቱ ይነቀል። በጥቅምት የተለወጠ ኩሽኔታ በታኅሣሥ የሰውን ወገብ ያድናል።